እናት ሪያድ፣ ተጠሪ መተማ፣ ልጅ አዘዞ

አዘዞ የመንገደኛ ሰፈር ናት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ የመተማው መንገድ ደግሞ ከዚሁ ተነጥሎ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ እስከ ሱዳን ድንበር ይዘልቃል፤ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም ያለው እዚሁ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ቤይሩት የምትበር እናት፣ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ የሚወርድ አባት፣ ግዳጅ የተጠራ ወታደር፣ ሁሉም በደጃችን ያልፋሉ። ልጆቻቸው ይቀራሉ። ከሚቀሩት ልጆች ጥቂቶቹን በቤቴ ማቆየት ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አንዳንዶቹ ጠዋት መጥተው ማታ ወደ አያታቸው ቤት ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን እኔው ዘንድ ያድራሉ፣ እኔው ዘንድ ይከርማሉ።

የሚሄድ ወላጅ ሳያስብ አይሄድም። እናቶቹ ከመሄዳቸው በፊት የሚያደርጉትን ዝግጅት በቅርብ ስላየሁ፣ «ልጇን ጥላ ሄደች» የሚለው ወሬ በተነሣ ቁጥር ያንገበግበኛል። ቀለቡን ማን እንደሚሸምት፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ ገንዘቡ በማን የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ፣ የዓመት በዓል ልብስ መቼ እንደሚገዛ፣ ይህን ሁሉ ተነጋግረው ጨርሰው ነው የሚሄዱት። ሳይነጋገሩበት የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ በእኩለ ሌሊት ቢታመም ወይም ወድቆ ቢሰበር፣ «እሺ፣ ይደረግለት» የሚለው ሰው ማን ነው? ከባሕር ማዶ የተላከ ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ እዚህ ይደርሳል። የመወሰን ሥልጣን ግን ልጁ አጠገብ ባለ ሰው እጅ አስቀድሞ ካልተቀመጠ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከየትም አይመጣም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህንኑ ነው።

ልጅን ለአያት ወይም ለአክስት ሰጥቶ መሄድ በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ለእናቷ የምትሰጥ ሴት ብዙ ናት፤ ልጁም «የአያት ልጅ» እየተባለ ተቀማጥሎ ያድጋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባልም ከኑሮ የመጣ ነው፤ ድሮ ልጅ ሲታመም ቀድሞ የደረሰ ጎረቤት አዝሎ ጸበል ወይም ሐኪም ቤት ያደርሰው ነበር፤ «አንተ ለልጁ ምኑ ነህ?» የሚለውም አልነበረም። ዛሬ ግን ልጅ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ወረቀት ይከተለዋል። የክትባት ካርዱ አለ፤ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው ከተጀመረ ወዲህ የልደት የምስክር ወረቀቱ አለ፤ የጤና መድን መታወቂያው፣ የትምህርት ቤቱ ቅጽ ይከተላል፤ በአብዛኞቹም ላይ የወላጅ ስምና ፊርማ ይፈለጋል። ይህን በክፉ አላየውም። የእገታ ሥጋት በነገሠበት በዚህ ዘመን፣ ልጅ ይዞ የቀረበን ሰው ማንነቱን መጠየቅ ልጁን መጠበቅ ነው። ክፉው ነገር ጥያቄው ሲመጣ መልስ የሚሆን ነገር በእጅ አለመኖሩ ነው።

በአንድ የጥቅምት ሌሊት፣ እኔ ዘንድ የሚያድር የ6 ዓመት ልጅ ሆዱን ታመመ። ራቱን ሳይነካ ነበር የተኛው፤ መጀመሪያ እምብርቱ አካባቢ እንደሚያመው ነገረኝ፤ ከዚያ አስመለሰው፤ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኑ ታችኛ ክፍል ወረደ፤ ትኩሳትም መጣበት። ውኃ ሽንት ሊሸና ሲነሣ ቀጥ ብሎ መቆም አልቻለም፤ ጎበጥ ብሎ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ሲራመድ ባየሁ ጊዜ ነገሩ የቁርጠት እንዳልሆነ ገባኝ። ጎረቤታችን የሆነውን የባጃጅ ሾፌር ከእንቅልፉ ቀስቅሰን ሄድን። ተረኛው ሐኪም ሆዱን ጫን አድርጎ ድንገት ሲለቀው ልጁ የጮኸው ሲጫነው ሳይሆን ሲለቀው ነበር። ትርፍ አንጀት እንደሆነና ቀዶ ሕክምና ሳይውል ሳያድር እንደሚያስፈልገው ነገረኝ፤ ከዚያም እኔ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«እናቱ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም ዶክተር፤ አሳዳጊው ነኝ። እናቱ ሪያድ ናት፤ አባቱ በሕይወት የለም።»

«ታዲያ የሚፈርም የቅርብ ዘመድ ማን አለው?»

በትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» በሚለው መስመር የተጻፈው የልጁ አጎት ነበር። አጎቱ ታማኝና ለልጁ የሚሳሳ ሰው ነው፤ ነገር ግን ወሩ ጥቅምት ነውና የሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበር፤ ከመተማ አልፎ በሚገኝ የእርሻ ቦታ የስልክ ሞገድ ስለሌለ ስልኩ አይሠራም። አያቱ ያሉት ከአይከል በእግር በሚገባበት ገጠር ነው፤ እርሳቸውን ለማግኘት የሚደወለው ለጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ እርሱም ሌሊት ስልኩን ያጠፋል። ሪያድና ጎንደር በሰዓት አይለያዩም፤ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያም እኩለ ሌሊት ነው። የእናቱን ስልክ ግን ማዳሟ በሥራ ሰዓት ትይዘው ስለነበርና እናትየውም በድካም ወድቃ ስለምትተኛ፣ የእኔ ጥሪ ሲጮህ ቆይቶ ይቋረጣል። ደግሜ ደወልሁ፤ ደጋግሜ ደወልሁ። በዚያ መካከል ልጁ ወንበር ላይ ተጠቅልሎ፣ እጄን ይዞ፣ «እማ ተኝታ ይሆናል፤ ጠዋት ታነሣለች» ይለኝ ነበር፤ መጽናናት የሚገባው ልጅ ልታጽናናው የሚገባትን ሴት አጽናና።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። የማያውቃት ሴት ያመጣችውን ልጅ፣ ሆዱን ለመክፈት ስምምነት መጠየቁ ግዴታው ነው። ትርፍ አንጀት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከፈነዳ መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰራጫል። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም ተጠርቶ፣ ሁለቱ ተመካክረው የልጁ ሕይወት ጊዜ እንደማይሰጥ በመዝገቡ ላይ አስፍረው፣ እኔም «አሳዳጊ» ብዬ ፈርሜ፣ ልጁ ገባ። በሰላም ወጣ፤ ዳነ፤ አሁን የጠባሳውን ርዝመት ለጓደኞቹ በኩራት ያሳያል። ነገር ግን ከጥያቄው እስከ ፊርማው ያለፈው ጊዜ ሁሉ ያለፈው በሕክምና ምክንያት አልነበረም። ሐኪም ነበረ፤ መድኃኒት ነበረ፤ ገንዘብም ነበረ። ያልነበረው አንድ ወረቀት ነው።

ሕጉ ምን እንደሚል ከዚያ በኋላ ሰው ጠይቄ፣ ራሴም አንብቤ ተረዳሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግም፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ እርሱ የመወሰኑን ነገር በመጀመሪያ የሚሰጠው ለወላጆቹ ነው። ወላጅነት በውክልና አይተላለፍም። ሆኖም አንዲት እናት «በልጄ የትምህርትና የሕክምና ጉዳይ በእኔ ስም ትቅረብ፣ ትፈርም» ብላ በጽሑፍ ውክልና መስጠት ትችላለች። ከመሄዷ በፊት ከሆነ ሰነድ በሚረጋገጥበት ጽሕፈት ቤት ቀርባ የምትጨርሰው ጉዳይ ነው። ከሄደች በኋላ ግን በሳውዲ ከሆነች ሪያድ ወዳለው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ወዳለው ቆንስላ መሄድ፣ ሰነዱን ወደ አገር ቤት መላክ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ይኖርባታል። ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት፣ ያለፈቃድ ከደጅ የማትወጣ ሴት ይህን በምን ቀን ታደርገዋለች? በ2006 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገሮች የሚደረገው የሥራ ጉዞ ታግዶ በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ ደግሞ ብዙዎች በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው ነው ያለፉት፤ እንዲህ የሄደችው እናት በቆንስላ በር የምታቀርበው ሰነድ እንኳ የላትም። ስለዚህ ለሚሄዱ ሁሉ የምነግራቸው ከሁሉ በፊት ይህን ነው፤ ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት ውክልናው ይጻፍ፤ ስሙም አጠገብ ያለ ሰው ስም ይሁን።

አጠገብ ያለ ሰው ስል አጥብቄ ነው። ወላጆች «ተጠሪ» ሲባሉ የሚጽፉት የሚያከብሩትን ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድምን፣ የክርስትና አባትን፣ አዲስ አበባ ያለ አጎትን። የእነዚህን ሰዎች ስም ዘሎ ጎረቤትን መጻፍ ዘመድን የመናቅ ያህል ይቆጠራል፤ ይህንንም ይሉኝታ እረዳዋለሁ። ነገር ግን የክብር መዝገብና የአደጋ ጊዜ መዝገብ ለየብቻ ይሁኑ። አጎት በቤተሰቡ ጉባኤ ላይ ይቀመጥ፤ የልጁ የትምህርት ምርጫ፣ የውርስ ድርሻው፣ ቀጣይ ኑሮው ሲነሣ ቃሉ ይሰማ። በሌሊት ለሚነሣ ትኩሳት ግን በእግር ከሩብ ሰዓት የማይርቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በእኛ ሰፈር አሁን እንዲህ ያለውን ነገር ለአጎቶች የምንነግራቸው በአክብሮት፣ ቡና ተፈልቶ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ባሉበት ነው፤ እስካሁን «ተዋረድሁ» ብሎ የተነሣ አጎት አላየሁም። እንዲያውም የዚያ ልጅ አጎት ከመተማ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ፣ «እኔ ስልክ በሌለበት ቆላ ሆኜ ስሜ እዚያ መቀመጡ ምን ይረባል?» ብሎ ራሱ ነው ያስቀየረው።

በቤቴ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክላሴር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሉ ስሙ እስከ አያቱ፣ የተወለደበት ቀን፣ በቅርብ የተመዘነበት ክብደትና የተመዘነበት ቀን ይጻፋል፤ የሕፃን መድኃኒት በኪሎ ስለሚሰላ ክብደቱን የማያውቅ አሳዳጊ ለሐኪሙ ግማሽ መረጃ ነው የሚያቀርበው። አስም ያለበት ልጅ፣ ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ያበጠበት ልጅ፣ በትኩሳት ምክንያት ከዚህ በፊት የተንቀጠቀጠ ልጅ፣ ይህ በቀይ እስክሪብቶ ይሰፍራል። ቀጥሎ የክትባት ካርዱ አለ፤ በተወለደ ጊዜ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር የሚሰጡት ክትባቶች የትኞቹ እንዳለፉ የሚታወቀው ከእርሱ ነው። የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እናት በምትሄድበትና አያት ልጁን በምትለምድበት መካከል የሚወድቅ ወር ስለሆነ ይመስለኛል። የጤና መድኑም እንዲሁ ነው፤ ልጁ የተመዘገበው በእናቱ ቤተሰብ መዝገብ ከሆነና እናቱ ከሄደች በኋላ ዓመታዊ መዋጮውን የሚከፍል ከሌለ፣ አያቱ የራሳቸውን መታወቂያ ይዘው ቢሄዱ የልጁ ስም በላዩ የለም። የመጨረሻው ገጽ የስልክ ገጽ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ተጽፎበታል፤ ከእርሱ በላይ ግን የባጃጅ ሾፌሩ ስልክ አለ፤ ምክንያቱም ከአዘዞ እስከ ጎንደር መሐል ከተማ ያለው መንገድ ቀን ቅርብ ሲሆን ሌሊት ሩቅ ነው። በክላሴሩ ኪስ ውስጥ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ይቀመጣል፤ ባንክ ሌሊት አይከፍትም፤ ቴሌብርም ኔትወርክ ከሌለ አይረዳም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚያስተምሩትን የአደጋ ምልክቶች ግን በክላሴር ብቻ አልተውኋቸውም፤ በግድግዳ ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፣ የማንም ስልክ እስኪነሣ አይጠበቅም። ሳል ያለበት ልጅ ደረቱ ተከፍቶ ትንፋሹ ይቆጠራል፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ዓመት ያልሞላው ደግሞ ከ2 ወሩ ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ቁጥር ከእናቶቹ ጋር በስልክ አብረን አጥንተነዋል፤ ሩቅ ያለች እናት «ትንፋሹን ቆጠርሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ጥያቄዋ ከጭንቀት ያለፈ እገዛ ይሆንልኛል።

ከሁሉ የሚከብደው አያቶችና እኔ የማንስማማበት ጊዜ ነው። አንዲት የ8 ወር ሕፃን ተቅማጥ ያዛት፤ ጥርስ የምታበቅልበት ጊዜ ነበርና አያቷ «ግግ ነው፤ ይውጣላት» አሉ። ድዱን የሚጭሩ ሴት በቅርብ አሉ፤ አያቷም ሊወስዷት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሥተው ነበር።

«እማማ፣ እባክዎ አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እናቷንስ ያሳደግኋት እንዲህ አይደለም?»

«አሳድገው ለዚህ አድርሰዋታል፤ ይህን ማን ይክድዎታል? ግን ይህችን ልጅ የሚያስቀምጣት ጥርሷ አይደለም፤ ውኃው ነው ወይም ጡጦው ነው። ድዷ ቢጫር ደም ይፈሳታል፤ መሣሪያው ካልጸዳ ሌላ በሽታ ያመጣባታል።»

እርሳቸው ፊት አንድ ሊትር ውኃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በጠበጥሁ፤ በማንኪያ በየጥቂቱ የሰጧትም እርሳቸው ናቸው፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጠንን ዚንክ ለ10 ቀናት የመስጠቱንም ነገር ለእርሳቸው ተውሁት። ማታ እናቷን ከኩዌት በኢሞ አገኘናት። በመጀመሪያ ለእኔ ብቻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አደራሽን፣ እናቴን እንዳታስቀይሚብኝ» አለችኝ፤ ቀጥላ ለእናቷ «እማዬ፣ እሷ ያለችሽን አድርጊ፤ ልጄን ብረት እንዳይነካት» አለች። የእኔ ቃል ያላደረገውን የእርሷ አንድ ዐረፍተ ነገር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሁሉ ለዕለቱ ክርክር እንዳይተው፣ እናት ከመሄዷ በፊት አያት ባሉበት እንነጋገርበታለን። እንጥል አይቆረጥም፤ የወተት ጥርስ አይነቀልም፤ ከሱቅ የተገዛ ስሙ የማይታወቅ ክኒን አይሰጥም። ጸበልን በተመለከተ ክርክር የለኝም፤ እኔም አማኝ ነኝ፤ ልጁ ጸበሉንም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይውሰድ፤ መድኃኒቱን አቋርጦ ግን አይሆንም። ይህ በእናት አንደበት አስቀድሞ ሲነገር አያቶች ይቀበሉታል፤ ከእኔ ከባዕዷ ሲመጣ ግን ሥልጣናቸውን የነጠቅኋቸው ይመስላቸዋል፤ እንዲህ ቢሰማቸውም አልፈርድባቸውም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ በርትቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። ኢሞ፣ ቫይበር፣ ዋትስአፕ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ስለ ጎንደር የሚወራውን ወሬ እናቶቹ በያሉበት አገር ይሰማሉ፤ የልጆቻቸውን ድምፅ ግን አይሰሙም። ቀጥታ የስልክ ጥሪ የሚሠራበት ጊዜ ቢኖርም ከዐረብ አገር መደወል ውድ ነው፤ ብዙዎቹም ስልካቸው ላይ ያለው የዋይፋይ አገልግሎት ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ የረዳን አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መምረጣችን ነው። እናት በኢንተርኔት ለእርሱ ትደውላለች፤ እርሱ በመደበኛ ስልክ ለእኔ ይደውላል፤ መልሴን ይዞ ወደ እርሷ ይመለሳል። አንዳንዴ ሁለቱን ስልኮች ፊት ለፊት አስጠግቶ ልጁና እናቱ እንዲደማመጡ ያደርግ ነበር፤ ድምፁ የተቆራረጠ ቢሆንም «እማ» የሚለው ይሰማ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አጎት ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው፤ ለመወሰን ሩቅ ነው፤ ለማገናኘት ግን የሚተካው የለም። አሁን ኢንተርኔቱ ቢመለስም የእርሱ ስልክ ከክላሴሩ አልወጣም።

ሌላው ከባድ ነገር የልጇ መታመም ለእናት መቼና እንዴት እንደሚነገራት ነው። በባህላችን ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ በወግ ነው የሚነገረው፤ ውጭ አገር ያለ ሰውማ የእናቱን ሞት ከዓመት በኋላ የሚሰማበት ጊዜ አለ። የልጅ ሕመምም በዚሁ መንገድ «እንዳትጨነቅ» ተብሎ ይደበቃል። እኔ አልደብቅም። የተደበቀባት እናት አንድ ጊዜ ካወቀች በኋላ፣ «ደኅና ነው» የሚለውን ቃል ዳግመኛ አታምንም፤ ልጁ በእውነት ደኅና በሆነበት ቀን ሁሉ ስትጨነቅ ትኖራለች። ነገር ግን እውነቱን የምነግራት ሊደረግ የሚገባው ከተደረገ በኋላ፣ ከተደረገው ጋር አያይዤ ነው፤ ምን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ፣ መቼ መልሼ እንደምደውል። የሚቻል ከሆነም የልጁን ድምፅ አስከትላለሁ።

ይህን ሳደርግ የገባኝ ሌላም ነገር አለ፤ ተጠሪ የሚያስፈልገው ለልጁ ብቻ አይደለም። በሰው ቤት፣ በሰው ቋንቋ፣ በር ተዘግቶባት የምትኖር ሴት «ልጅሽ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት» የሚለውን ቃል ብቻዋን ስትሰማ፣ ውኃ የሚያቀብላት ማን ነው? ስለዚህ የእናቲቱን የቅርብ ጓደኛ ስልክ፣ እዚያው ከተማ ያለችውን፣ ከክላሴሩ ፊት ለፊት ጽፌአለሁ፤ ክፉ ወሬ ካለ መጀመሪያ ለእርሷ ይነገራል፤ እርሷ ደውላ ወይም በእረፍቷ ቀን ሄዳ ታጽናናታለች። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሊባኖስ ላይ የቦምብ ድብደባው ሲበረታ ይኸው ስልክ በተቃራኒው ሠራ። ብዙ አሠሪዎች ሸሽተው የቤት ሠራተኞቻቸውን ትተው በሄዱበት በዚያ ወቅት፣ እናቷ ቤይሩት የምትኖር ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ጭሱን አይታ፣ ምግብ አልበላ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ የእናቷ ስልክ አይነሣም። የእናቷ ጓደኛ ናት ያነሣችው፤ ሁለቱ አብረው በአንድ ቤት ተጠግተው እንዳሉ ነገረችን፤ በማግሥቱም እናቲቱ ራሷ ደወለች።

ልጆቹንም ማስተማር ያስፈልጋል፤ ይህ ረጅም ነገር አይደለም። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይናገራል፤ አምስት ዓመት የሞላው አንድ ስልክ ቁጥር በዜማ ይይዛል፤ ያ ቁጥር የእኔ ወይም የቅርብ ጎረቤታችን እንጂ በሳውዲው 966 ወይም በሊባኖሱ 961 የሚጀምር አይደለም። አንድ ልጅ «ለምን የእማን ቁጥር አታስተምሪኝም?» ብሎ ጠይቆኛል፤ የእናቱን ቁጥር ለናፍቆት፣ የእኔን ቁጥር ለአደጋ እንደሚያስፈልገው ነግሬው ሁለቱንም ያዘ።

አሁን የሚያሳስበኝ የመመለሻው ጊዜ ነው፤ ስለ እርሱ የሚነገረውም ጥቂት ነው። እናት ልጇን በ2 ዓመቱ ትታው ሄዳ በ6 ዓመቱ ስታገኘው፣ ልጁ ሲታመም የሚሮጠው ወደ እኔ ወይም ወደ አያቱ ነው፤ እርሷም በገዛ ልጇ ፊት እንግዳ ሆና ትቆማለች። እንዲህ ያለችው እናት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ታደርጋለች፤ ወይ በመጣችበት ቀን ልጁን ከእጃችን ነጥቃ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልትይዝ ትሞክራለች፣ ወይ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ዳር ትቆማለች። እኔ የምጠይቃት ከሁሉ አስቀድማ የሕክምናውን ነገር እንድትረከብ ነው። አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ካርዱን የምታቀርበው እርሷ ናት፤ ሐኪሙ ሲጠይቅ የምትመልሰው እርሷ ናት፤ የማታውቀው ካለ እኔ በጆሮዋ እነግራታለሁ። ልጁ ማን ስለ እርሱ እንደሚናገር ያያል። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የመኝታ ሰዓቱ፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ የሚለው ደግሞ ልጁ ራሱ በሚፈቅደው ጊዜ። ውክልናውም በዚያ ሰሞን አይቀደድም፤ እናቲቱ በአገር ቤት ሥራ እስክትይዝና ዳግም እንደማትሄድ ለራሷ እስክትወስን ድረስ በክላሴሩ ውስጥ ይቆያል፤ በስልክ ገጹ ላይ ግን የእርሷ ስም ወደ መጀመሪያው መስመር ይወጣል፤ የእኔም ወደ ሁለተኛው ይወርዳል።